የጎርፋው ይዘት

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ የሚነገረው ስለ ፍርድና ስለ ሕሊና ነው፤ ቁናው ግን እውነተኛ ቁና ነው። ገበያ የዋለ፣ እህል የተሰፈረበት፣ ሻጭ ቀስ አድርጎ ሲሞላው ገዢ ነቅነቅ እንዲያደርገው የሚለምንበት ዕቃ ነው። ሞያሌን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዚህ አባባል ላይ አንድ ጥያቄ መጨመሩ አይቀርም፤ ለመሆኑ በየትኛው ቁና?

ሞያሌ በአንድ ስም በሁለት አገር የምትኖር ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1907 በአፄ ምኒልክ መንግሥትና በብሪታንያ መካከል የተፈረመው የወሰን ውል መሥመሩን በዚህ በኩል አሳለፈው። በሰሜን ያለው ሰፈር ኢትዮጵያ ሆኖ ቀረ፤ በደቡብ ያለው ዛሬ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ አካል ነው። ስለዚህ በከተማዋ ብዙው ነገር ጥንድ ነው። ገንዘቡ ብርና ሽልንግ ነው፤ የዘመን አቆጣጠሩም ሁለት ነው። ሰዓቱ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ጧት በአማርኛ «ሁለት ሰዓት» የሚባለው ጊዜ በስዋሂሊም ሁለት ሰዓት ነው፤ በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ስምንት ይሆናል። አፍ የተስማማበትን ወረቀት ይለየዋል።

መስፈሪያውም እንዲሁ ነው። በሰሜኑ ገበያ ጣሳና ቁና ሲነሣ በደቡቡ ጎሮጎሮና ደቤ ይነሣል። ጎሮጎሮ ሁለት ኪሎ ያህል በቆሎ የሚይዝ ቆርቆሮ ነው፤ ደቤ ደግሞ ትልቁ የዘይት ቆርቆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ ሲመርቁ የታሰበው ጭነት በአንድ ቦታ ብቻ ተፈትሾ እንዲያልፍ ነበር። የማለዳ ወተት ግን ከጭነት አይቆጠርም። የወተትን ልክ የሚዳኘው የሻጭና የገዢ መተማመን ነው። መተማመን ሲሳሳ ምን ይደረጋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኬንያዋ ሞያሌ የግመል ወተት ለአንድ ሻይ ቤት የሚያቀርቡ አንዲት እናት ነበሩ። ወተቱ የሚመጣላቸው ከከተማው ውጭ ከሚያረቡ ዘመዶቻቸው፣ በቢጫ ጀሪካን ነው። ለሻይ ቤቱ የሚሰፍሩት ግን ከወላጅ እናታቸው በወረሱት ጎርፋ ነበር። ጎርፋ የቦረና ሴቶች ከዕፅዋት ሥር በሚገኝ ጭረት አጥብቀው የሚሰፉት የወተት ዕቃ ነው። ስፌቱ ከመጥበቁ የተነሣ ወተት አያሳልፍም። ውስጡ በእንጨት ጢስ ይታጠናል፤ የአማራ እናት ግሬራዋን በወይራ እንደምታጥነው ማለት ነው። ጢሱ ለወተቱ ጠረን ይሰጠዋል፤ ቶሎ እንዳይበላሽም ያቆየዋል።

የእኚህ እናት ጎርፋ ዕድሜ የጠገበ ነበር። አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል፤ ታቹ ተጣሟል፤ አንገቱ አጠገብ በቆዳ ተጠግኗል። «ሦስት ሊትር ይይዛል» የሚለው ቃል ከጎርፋው ጋር አብሮ የተወረሰ ነው። ማን፣ መቼ፣ በምን እንደለካው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። ለዓመታት ሂሳቡ በዚሁ ሄደ።

ባለ ሻይ ቤቱ ከማዶ መጥቶ የከረመ፣ አማርኛ ተናጋሪ ሰው ነው። አንድ ማለዳ የጎርፋውን ወተት ምልክት ባለው የላስቲክ ጆግ ገልብጦ አረፋው እስኪረግፍ ጠበቀና፣ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይህ ሦስት ሊትር አይሞላም፤ ሁለት ተኩል ነው» አላቸው።

«ልጄ፣ ጎርፋውን እናቴ ናት የሰጠችኝ» አሉት እሳቸው። «ያንተን ጆግስ ማን ለካው?»

ጥያቄው ተገቢ ነበር። ከገበያ የተገዛ ርካሽ ጆግ ላይ የታተመ መሥመር ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ግን ሊሆን አይችልም። ሆኖም የሁለቱ ክርክር ከጆግ ያለፈ ነው። ጎርፋው ሦስት ሊትር ካልያዘ ሴትዮዋ ብቻ ሳይሆኑ ሟች እናታቸውም ዕድሜ ልካቸውን አጉድለው ሰፍረዋል ማለት ነው። ጎርፋው ሦስት ሊትር ከያዘ ደግሞ ሰውየው አንዲትን አረጋዊት ያለ በደላቸው ወንጅሏል። በድንበር ከተማ፣ ቋንቋና ወገን በሚለያይበት ሰፈር፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ቃል ከአንድ ሩብ ሊትር ወተት በላይ ታፈስሳለች።

ለመለካት ምን መንገድ አለ? ቀላሉ መልስ ውኃ ነው። ጎርፋውን በውኃ መሙላትና ውኃውን መስፈር። እናትየው ግን አይሆንም አሉ። ሲታጠን የኖረ ጎርፋ እስከ አፉ ውኃ ከጠጣ ጢሱ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ወተት ይኮመጥጣል ብለው ፈሩ። ወተቱን መመዘንስ? ሚዛን የዚያን ዕለት ወተት ይናገራል እንጂ የጎርፋውን ልክ አይናገርም። አረፋ ቦታ ይይዛል፤ በሚዛን ላይ ግን ኢምንት ነው፤ ጠቡም ዕቃው ጎደለ ወይስ አሞላሉ ጎደለ የሚል ነው። በእህል መስፈርስ? ጥራጥሬ በስፌቱ መካከል ይሰገሰጋል፤ ከዚያም የባሰ ጠባይ አለው፤ ነቅነቅ ሲያደርጉት ይጨምራል፣ ሳይነቀነቅ ሲቀር ያንሳል።

ጠማማ ነገር ውስጡ ምን ያህል እንደሚይዝ ማወቅ የወተት ሻጭ ችግር ብቻ አይደለም። ከሞያሌ ወደ ምዕራብ፣ በዚያው በማርሳቢት ካውንቲ፣ በቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ኩቢ ፎራ የሚባል ስፍራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1972 የሪቻርድ ሊኪ የምርምር ቡድን አባል የሆነው ኬንያዊ በርናርድ ንጌኔዮ በዚያ የጥንት የራስ ቅል ስብርባሪ አገኘ። ከመቶ በላይ የሆኑት ስብርባሪዎች በትዕግሥት ተገጣጥመው ዛሬ በ1470 ቁጥር የሚታወቀው፣ ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የራስ ቅል ታየ። ሊቃውንቱ ከጠየቋቸው የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ የገበያ ጥያቄ ነበር፤ ይህ ዕቃ ምን ያህል ይይዛል? መልሱ 750 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ሆነ፤ ሦስት ሩብ ሊትር ማለት ነው። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የተነሣው ትልቅ ክርክር በዚህች ቁጥር ላይ ቆመ።

ከዚያ አስቀድሞ በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካዊው ሐኪም ሳሙኤል ሞርተን የራስ ቅሎችን በጥቃቅን የዘር ፍሬ እየሞላ ይሰፍር ነበር። ያው የራስ ቅል በአንዱ ቀን አንድ ልክ፣ በሌላው ቀን ሌላ ልክ ሲሰጠው ዘሩን ትቶ በእርሳስ ቅንጣት መስፈር ጀመረ። ይህም ሰው በሰበሰበው ቁጥር የሰውን ዘር በደረጃ ለመደርደር ተጠቅሞበታል። ነቅነቅ የምታደርገው እጅ ምን እንደምትመኝ የሚያውቅ መስፈሪያ የለምና፣ የእህል ልክ ሁልጊዜ ለምኞት በር ይተዋል። በዘመናችን እንዲህ ላለው ሥራ ጨረር አለ። በአፋር፣ በዲኪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የተገኘችው ሕፃን፣ ሰላም የተባለችው፣ የአንጎሏ ማደሪያ 275 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ቅሪቷን ሳይሰብሩ ውስጡን በሚያሳይ ኃይለኛ ጨረር ተመርምሮ ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ግን ከሞያሌ ሻይ ቤት በጣም ሩቅ ነው።

የሴትዮዋ ልጅ በከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትማር፣ ፎርም ሦስት የደረሰች ነበረች። በዚያ ሰሞን የፊዚክስ መምህሯ ስለ ጋዞች ሕግ እያስተማሯት ነበር። ጉዳዩ እናቷን ከማዘኗ የተነሣ ያንገበግባት ይሁን፣ ወይም የተማረችውን የምትሞክርበት አጋጣሚ አግኝታ፣ አንድ ማታ፣ «እማዬ፣ ውኃ ካልፈቀድሽ በአየር እንለካዋለን» አለቻት።

እናቲቱ ሳቁ። «ባዶን በባዶ?»

እዚህ ላይ በቃላቱ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ልጅቱ በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ የተማረችውን የአማርኛ የትምህርት መጻሕፍት «ይዘት» ይሉታል፤ «ያዘ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው። ስዋሂሊ ደግሞ «ኡጃዞ» ይለዋል፤ መሙላት ከሚለው ቃል የወጣ ነው። አንዱ ቋንቋ ዕቃውን «ምን ትይዛለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሌላው «ምን ይሞላሃል?» ይለዋል። «ጋዝ» የሚለው ቃልም የራሱ ታሪክ አለው። በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ጋዝ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የኩራዝ ጋዝ ነው። ቃሉን በ17ኛው መቶ ዘመን የፈጠረው የፍላንደርሱ ሐኪም ቫን ሄልሞንት ሲሆን፣ መነሻው ቅርጽ የለሽ ባዶነትን የሚያመለክተው የግሪክ ቃል ነው። ቅርጽ የለሽ በመሆኑ ነው እንግዲህ ለጠማማ ዕቃ የሚስማማው፤ አየር የገባበትን ዕቃ ጥጋጥግ ሁሉ ሳይነቀነቅ፣ ሳይለመን ይሞላል።

ሕጉን ሮበርት ቦይል ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1662 ነው። የታመቀ አየር ሙቀቱ ሳይለወጥ ቦታው እጥፍ ሲሰፋለት ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ቦታው ሦስት እጥፍ ሲሰፋለት ግፊቱ ወደ ሢሶ ይወርዳል። ይህን ተገልብጦ ለማንበብ የቻለ ሰው የግፊቱን መቀነስ አይቶ የቦታውን መስፋት ማወቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1797 ሴይ የሚባል ፈረንሳዊ የጦር መሐንዲስ በዚሁ መንገድ የሚሠራ መሣሪያ አስተዋወቀ። የፈለገው እንደ ባሩድ ያለ፣ ውኃ የማይነካው ነገር የሚይዘውን ቦታ ለማወቅ ነበር። ባሩድ ውኃ ከነካው ዋጋ የለውም፤ የሞያሌዋም እናት ስለ ጎርፋቸው የተናገሩት ይህንኑ ነው።

ልጅቱ ያዘጋጀችው መሣሪያ ከዕለት ዕቃ የተሠራ ነበር። መጀመሪያ ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ ከትምህርት ቤቱ ተዋሰች፤ እስከ ውታፉ ድረስ ሁለት ሊትር እንደሚይዝ በቤተ ሙከራው መለኪያ በውኃ አረጋገጠችና አደረቀችው። በውታፉ ውስጥ ቀጫጭን ቱቦዎች አሳለፈች። አንዱ ወደ ብስክሌት ጎማ መንፊያ ይሄዳል። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ ወደ ተለጠፈ፣ በመሐሉ ውኃ ወዳለበት፣ እንደ ጆሮ ጉትቻ ወደ ታች ወደ ተንጠለጠለ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ይሄዳል፤ በሁለቱ ክንዶች ያለው የውኃ ከፍታ ልዩነት የግፊት መለኪያ ነው። ሦስተኛው ወደ ጎርፋው ክዳን ይሄዳል፤ በመሐሉ መቆንጠጫ አለበት። ቱቦዎቹ ቀጫጭን ስለሆኑ በውስጣቸው የሚቀረው አየር ሂሳቡን ብዙ አያዛባም።

አሠራሩ አጭር ነው። መቆንጠጫው እንደተዘጋ በጠርሙሱ ውስጥ አየር ይነፋል፤ የውኃው ልዩነት 100 ሴንቲሜትር ሲሆን ይቆማል። ከዚያ መቆንጠጫው ይከፈታል። በሁለት ሊትር ውስጥ ታምቆ የነበረው ትርፍ አየር ወደ ጎርፋው ይሰፋል፤ ውኃውም ይወርዳል። ጎርፋው ሰፊ ከሆነ ብዙ ይወርዳል፣ ጠባብ ከሆነ ጥቂት። መቶ ሴንቲሜትር የመኪና ጎማ ከሚይዘው ግፊት ከሃያ አንድ እጅ አይበልጥም፤ ለአሮጌ ስፌት የሚታገሡት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ውኃው ወርዶ 40 ላይ ሲደርስ ልጅቱ ቁጥሩን ጻፈች። መጽሐፉ ግፊት ሲሰላ የከባቢው አየር ግፊት መጨመር እንዳለበት ይናገራልና ደመረችው። ሞያሌ ከባሕር ወለል ወደ 1,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በላይዋ ያለው አየር የሚጫነው ዘጠኝ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚጫነውን ያህል ነው፤ በሞምባሳ ዳርቻ ከአሥር ሜትር ያልፋል። ስለዚህ መነሻዋ 1,000፣ መድረሻዋ 940 ሴንቲሜትር ሆነ። አባዛች፣ አካፈለች። ጎርፋው አንድ መቶ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል የሚል መልስ መጣላት። ይኸውም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም።

በማግስቱ ደብተሯን ለመምህሯ አሳየች። መምህሩ ሂሳቡን ደግመው አልሠሩም፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት። «መቆንጠጫውን ከመክፈትሽ በፊት ጎርፋው ውስጥ ምን ነበረ?»

«ምንም፣ መምህር። ባዶ ነበር።»

«ባዶ ነበር?»

ስሕተቱ እዚያ ነበር። ጎርፋው ባዶ አልነበረም። የሞያሌ አየር፣ ዘጠኝ ሜትር ውኃ የሚመዝን ጫና ያለው አየር፣ እስከ አፉ ሞልቶት ነበር። ልጅቱ ለጠርሙሱ የቆጠረችለትን አየር ለጎርፋው ሳትቆጥርለት ቀረች። ለሁለቱም ከተቆጠረ ግን ነገሩ ያምራል፤ የከባቢው አየር በሁለቱም ወገን ስላለ ይጣፋና የቀረው ትርፉ ብቻ ይሆናል። ሁለት ሊትር በ100 ሲባዛ 200 ነው፤ ይህ ውኃው በቆመበት ቁጥር ይካፈላል፤ ከሚገኘው ላይ የጠርሙሱ ሁለት ሊትር ይቀነሳል። በሞያሌ ቢለካም በሞምባሳ ቢለካም የዚያ ጎርፋ መልስ አንድ ነው፤ የቆሙበትን አየር ለሁለቱም ወገን እኩል እስከቆጠሩ ድረስ። ለድንበር ከተማ ሰው ይህ ከፊዚክስ የሚያልፍ ትምህርት ነው። የሰውን ዕቃ «ባዶ ነው» ብሎ መነሣት ሂሳብን ከሦስት ሊትር ወደ አንድ ብርጭቆ ያወርዳል።

200 ለ40 ሲካፈል አምስት፤ ሁለት ሲቀነስ ሦስት። ልክ ሦስት ሊትር!

እናቲቱ ይህን ሲሰሙ እልል ማለት ቀራቸው። የእናታቸው ቃል ጸንቷል፤ ለባለ ሻይ ቤቱ የሚነገር ነገር ተገኝቷል። ልጅቱ ግን ደስታዋ አልሞላም። ቁጥሩን ስትጽፍ ውኃው ገና ጨርሶ አልቆመም ነበር፤ በቀስታ፣ ዐይን በማይዘው አኳኋን ይወርድ ነበር። 40 ላይ የጻፈችው ውኃው ስለቆመ ነው ወይስ የምትፈልገው ቁጥር ስለመጣ? ማንም አላየም። ለእናቷ የሚጠቅመው መልስ በእጇ ነው። ዝም ብትል ማን ይከሳታል?

ሌሊቱን አድራ በማለዳ መሣሪያውን መልሳ ዘረጋችው። ጆሮዋን ከጎርፋው አንገት አጠገብ ስታስጠጋ ትንሽ የአየር ፉጨት ሰማች። ክዳኑ ያፈስ ነበር። የሚያፈስ ዕቃ ደግሞ በዚህ ልኬት ከልኩ በላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ ያመለጠውን አየር ዕቃው ውጦት የተቀመጠ ይመስላልና። ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ መረገችው። ፉጨቱ ቆመ።

«ለምን ታደክሚያለሽ? ሦስት ነው ብለሽ የለም?» አሏት እናቷ።

«እማዬ፣ ያፈስ ነበር።»

ሌላ ሌባ ደግሞ ነበር፤ ፀሐይ። መሣሪያው ግቢ ውስጥ ቢቀመጥና አየሩ በሦስት ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ ጠቅላላው ግፊት ከመቶ አንድ እጅ ይጨምራል። አንድ እጅ ጥቂት ይመስላል፤ ከዘጠኝ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ሲሆን ግን ከዘጠኝ ሴንቲሜትር በላይ ነው፤ ጎርፋውንም ሁለት ሊትር የማይሞላ ያስመስለዋል። ቀዳዳው ለሻጭ ያደላል፣ ፀሐይዋ ለገዢ። ሁለቱም ሐሰተኛ ምስክሮች ናቸው፤ ሁለቱም ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ ልጅቱ በር ዘግታ በቤቱ ጥላ ውስጥ ሠራች፤ በተነፋ ቁጥር የሚሞቀው አየር እስኪበርድም ጠበቀች።

ውኃው 42 ላይ ቆመ። ጠበቀች፤ አልተነቃነቀም። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ 42 ነው። ስፌቱ በግፊቱ ተለጥጦ እንዳይሆን በማለት በግማሽ ግፊት፣ በ50 ጀመረችው፤ 21 ላይ ቆመ። ቢለጠጥ ኖሮ ሁለቱ ባልተስማሙ ነበር። 200 ለ42 ሲካፈል ከአራት ከሦስት ሩብ ጥቂት ያልፋል፤ ሁለት ሲቀነስ 2.76 ነው። በንባቡ አንድ ሴንቲሜትር ብትስት እንኳ መልሱ ወደ መቶ ሚሊ ሊትር ቢያጋድል ነው፤ ሦስትም አይደርስ፣ ሁለት ተኩልም አይወርድ። ጎርፋው ሁለት ሊትር ከሦስት ሩብ ይይዛል።

ይኸው ቀላል ሐሳብ በትላልቅ ቤቶችም ይሠራበታል። ነዳጅ የሚፈልጉ ሰዎች ከምድር የወጣ ዐለት በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደሚይዝ ሲመረምሩ ዐለቱን በታሸገ ዕቃ ውስጥ አድርገው ሂሊየም ይለቁበታል፤ ሂሊየም እጅግ ረቂቅ ስለሆነ ውኃ በማይደርስበት ስንጥቅ ይገባል፣ ከዐለቱም ጋር አይጣበቅም። ሐኪሞችም በሰው ላይ ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካውያኑ ዱቦይስና ኮምሮ ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳወቁት ዘዴ ሕመምተኛው በታሸገ ክፍል ይቀመጣል፤ ቱቦ ጎርሶ ሊተነፍስ ሲሞክር ቱቦው ለአፍታ ይዘጋበታል፤ ደረቱ ሲሰፋና ሲጠብ በአፉና በክፍሉ የሚታየው የግፊት ለውጥ በሳንባው ምን ያህል አየር እንዳለ ይነግራል። ሳንባም ጠማማ ዕቃ ነው፤ በውኃም በእህልም አይሰፈርም። ደግሞም አየሩን ሁሉ አወጣሁ ያለ ሰው ሳንባ ባዶ አይደለም፤ ከአንድ ሊትር በላይ የሚሆን አየር በውስጡ ይቀራል።

ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። በማግስቱ እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። ልጅቱ ደብተሯን ዘርግታ፣ «ጋሼ፣ ሁለት ሊትር ከሦስት ሩብ ነው» አለችና የመጀመሪያውን ቀን ስሕተት ሳትደብቅ፣ ሦስት የመጣበትንም ምክንያት ጭምር አስረዳችው። ሰውየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ጆጉ የተሳሳተ ይሁን ወይም ጎርፋው በዚያ ማለዳ እስከ አፉ ያልሞላ፣ እሱም ሩብ ሊትር ስቷል።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ በመጨረሻ። «ደግሞም ጎርፋውን ከገለበጡ በኋላ ሁልጊዜ ከጀሪካኑ ምርቃት ይጨምሩልኛል። እሱ ሲደመር ሦስት ሊትር አይጎድለውም። በፊት እንደነበረው ይቀጥል።»

ቅን ሐሳብ ነበር፤ ሁሉንም ያስታርቃል። እናቲቱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም፣ ልጄ። ምርቃት ጉድለት መሙያ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ጎርፋው ሁለት ከሦስት ሩብ ተብሎ ይቆጠር፤ ምርቃቱ በላዩ ነው።»

በአማርኛ አንዱ ቃል ሁለቱን ይይዛል፤ ምርቃት ሻጭ ከልኩ በላይ የሚጨምረው ነው፣ ሽማግሌ ሲነሣ የሚሰጠውም ነው። ልኩ ያልታወቀ ሰው ግን ምርቃት ሊሰጥ አይችልም፤ የሚሰጠው ዕዳውን ይሁን ስጦታውን አያውቅምና። ሴትዮዋ በየማለዳው ሩብ ሊትር የሚያህል ሂሳብ ቀረባቸው፤ ያተረፉት ግን የጨመሩት ሁሉ በእውነት የራሳቸው ስጦታ መሆኑን ነው።

ጎርፋው በዚያኑ ማታ ታጠነ። ውኃ አልነካውም፣ እህል አልተሰገሰገበትም፤ ከአንገቱ ዙሪያ የተጣበቀው ሊጥ በጥፍር ተፍቆ ተነሣ። ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ቱቦ ውስጥ ያለው ውኃም በሁለቱ ክንዶች እኩል ከፍታ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ በሁለቱም በኩል የሞያሌ አየር እኩል ተጭኖት።